ጎጆው ቀረ፣ ልማዱ አብሮን መጣ

ልጆቼ፣ ያን እሑድ አዲሱን ቤታችሁን እንድመርቅ ጠርታችሁኝ የኮንዶሚኒየሙን አራት ፎቅ ደረጃ በየእርከኑ እያረፍሁ ወጣሁ። ዳቦውን ቆረስሁ፣ መረቅሁ፣ ቡናው በረካ እስኪደርስ ተቀመጥሁ። እናንተ ሶፋውንና ቴሌቪዥኑን ስታሳዩኝ የእኔ ዓይን ግን ሌላ ሌላውን ይለቅም ነበር። ማጠቢያው ሥር የቆመውን የሃይላንድ ጠርሙስ አየሁ። ምጣዱና ፍሪጁ አንድ ዲቫይደር ላይ ተሰክተው አየሁ። አልጋችሁ ሥር የተወሸቀውን የስንዴ ጆንያ አየሁ። ቡናው ካለቀ በኋላም ፍሙ ሳይጠፋ ማንደጃው ወደ መኝታ ቤት ሲገባ አየሁ። የምርቃት ቀን የነቀፋ ቀን አይደለምና አፌን ይዤ ወጣሁ። ይኸው ሳምንቱን ሙሉ ግን እንቅልፌን ስለነሳኝ ልጽፍላችሁ ተቀመጥሁ።

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላል የአገራችን ሰው። እኔን ሁልጊዜ የሚያስፈራኝ የተረቱ ሁለተኛው ግማሽ ነው። መከራ ደኅና መምህር ነው፤ የሚያስከፍለው ግን ብዙ ነው፤ አንዳንዴም ትምህርቱ ሳያልቅ ተማሪው ያልቃል። ከ30 ዓመት በላይ በድሬሰርነትና በጤና ረዳትነት ስሠራ መከራ የመከራቸው እናትና አባቶች በእጄ አልፈዋል። ሁሉም ልጃቸውን ታቅፈው የሚሉኝ አንድ ቃል ነበር፤ «ሁልጊዜ እኮ እንዲህ ነው የምናደርገው!»

ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ የዛሬው ነገሬ ሁሉ የሚዞረው በእሷ ዙሪያ ነው። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። ሰው የቤት ውስጥ አደጋ ከግዴለሽነት ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል። እኔ ያየሁት ግን አብዛኛው ከልማድ ሲመጣ ነው፤ ያውም ከመልካም ልማድ። የአያቶቻችን ልማድ ለአያቶቻችን ቤት የተበጀ ነበር። ጎጆው በሣሩ በኩል ይተነፍሳል። እህሉ ደጅ በጎተራ ይቀመጣል። ጠላው በእንስራ፣ ወተቱ በቅል ስለሆነ ሕፃን እንኳ ዕቃውን አይቶ በውስጡ ያለውን ያውቃል። እኛ ጎጆውን ትተን ብሎኬትና መስታወት ቤት ገባን፤ ልማዱን ግን ከነጓዙ ተሸክመነው መጣን። ቤቱ ተለውጦ ልማዱ ሳይለወጥ ሲቀር፣ በመካከላቸው ባለው ክፍተት በሽታም ሞትም ይገባል።

ከማንደጃው ልነሳ። አንቺ ልጄ ነሐሴ ላይ ትገላገያለሽ። ነሐሴ ብርድ ነው። «አራስ ቤት ያለ ፍም አይሆንም» እያሉ አክስቶችሽ ከአሁኑ ሲመካከሩም ሰምቻለሁ። ስለዚህ የማታውቁትን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

እናቴ ሰባት ልጅ የወለደችው በሣር ክዳን ጎጆ ውስጥ ነው። በሰባቱም አራስነቷ እሳት ከአጠገቧ ጠፍቶ አያውቅም። አያትሽ በ1971 ዓ.ም. ክረምት፣ ደብረ ብርሃን ላይ፣ የበኩር ልጃችንን ማለትም እናትሽን ስትገላገል እናቴ ልታርሳት ከገጠር መጣች። እንደ ወጉም ማንደጃውን አልጋው አጠገብ አደረገች። ቤታችን ግን ጎጆ አልነበረም። በደመወዜ የተከራየሁት፣ ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ኮርኒሱ በአቡጀዲ የተወጠረ፣ እኔም የምኮራበት ቆርቆሮ ቤት ነበር። የደብረ ብርሃን ብርድ እንዳይገባባቸው የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ በጋዜጣ የደፈንሁት እኔው በእጄ ነኝ። ያን ሌሊት ተረኛ ነበርሁ። ሲነጋጋ አንዲት ጎረቤት እሳት ልትጭር መጥታ ብታንኳኳ የሚመልስ ጠፋ። በሩን ገፍታ ስትገባ እናቴ መደቡ ሥር ወድቃለች፤ አያትሽ ዓይኗ ተገልጦ መናገር አቅቷታል፤ ሕፃኗ ዝልፍልፍ ብላለች። ያቺ ሴት ሳትጮህና ሳታመነታ ሦስቱንም እየጎተተች ደጅ አወጣቻቸው። ንጹሕ አየር ሲያገኙ ቀስ በቀስ ነፍስ ዘሩ። እኔ የሰው ቤት ሳክም አድሬ፣ ከመጣሁ በኋላ ጋዜጣውን ከመስኮቱ እየቀደድሁ አለቀስሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏችኋል ይህ ነው።

ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው። ከሰል በጠባብና አየር በማይገባበት ቤት ሲነድ ይወጣል። ሽታ የለውም፤ ቀለም የለውም፤ ዓይን አያቃጥልም፤ ጉሮሮም አይከረክርም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይህን ጋዝ ሲያገኝ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። መጀመሪያ ራሱን ያመዋል፤ ቀጥሎ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል። ከዚያ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። ውሃ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ይህም እያንቀላፋ ይወስዳል። በእርጉዝ ሴት ሲሆን ደግሞ ከእሷ ይልቅ የሆዷን ልጅ ይጎዳል፤ ይህን የምጽፈው ለነሐሴ ብቻ አይደለም፤ ለዛሬ ማታም ነው።

ሰው ራሱን የሚያታልልባቸውን ቃላት ሁሉ ሰምቻቸዋለሁ። አንደኛው «ጭሱ አልቋል፣ ፍም ብቻ ነው፤ አሁን ይግባ» የሚለው ነው። ልጆቼ፣ ጭሱ እኮ ቢያንስ ዘበኛ ነበር፤ አስሎ አስነጥሶ ከቤት ያስወጣ ነበር። ዘበኛው ሄደ ማለት ሌባው ሄደ ማለት አይደለም። ቀይ ሆኖ ያለ ጭስ የሚያበራው ፍም ጋዙን ማውጣቱን አላቆመም። ሁለተኛው «ጨው ነስንሰንበታል» የሚለው ነው፤ ጨው ለወጥ ነው። ሦስተኛው «መስኮቱን ገርበብ አድርገነዋል» የሚለው ነው፤ ነቅቶ ለተቀመጠ ሰው ጥቂት ይረዳ ይሆናል፤ ለሚተኛ ሰው ግን ዋስትና አይሆንም።

እንዲህ አድርጉ። ከሰሉ በረንዳ ላይ ይያያዝ፤ ቡናው በርና መስኮት ተከፍቶ ይፈላ፤ ማንደጃው ቡናው እንዳለቀ ተመልሶ በረንዳ ይውጣ። ከማንደጃ ጋር ማንም ሰው እንዳይተኛ፤ እንግዳም ቢሆን፣ መብራትም ቢሄድ፣ ብርዱም ቢበረታ። አራሷ በደራረበችው ልብስ፣ በሙቅ ውሃ ጎማና በትኩስ አጥሚት ትሞቃለች። ሕፃኑን ደግሞ ከእናቱ ደረት ገላ ለገላ ከመለጠፍና ከላይ ከመሸፈን የተሻለ ማሞቂያ እስካሁን አልተሠራም። ቤት ውስጥ ካላችሁት ሁለት ሦስታችሁን በአንድ ጊዜ ራስ ምታት ቢይዛችሁ፣ ደጅ ስትወጡም ቢሻላችሁ፣ «ምች ነው» ብላችሁ ዳማከሴ ፍለጋ አትሂዱ። በሩን ክፈቱ፣ የወደቀውን ጎትታችሁ አውጡ፣ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ። እዚያም ስትደርሱ የመጀመሪያው ቃላችሁ «ከሰል ነበር» ይሁን፤ ያለዚህ ቃል ሐኪሙም ሌላ በሽታ ሲፈልግ ጊዜው ሊያልፍ ይችላል።

ታዲያ እናቴ በጎጆዋ ሰባት ጊዜ ስትታረስ ምን አዳናት ትሉኝ ይሆናል። ያዳናት ሣሩ ነው፤ በክዳኑና በጭቃው ስንጥቅ የሚገባው አየር ነው። ይህ ማለት ግን ጎጆው ምንም አላስከፈላትም ማለት አይደለም። በስተርጅናዋ ዓይኗን ሞራ ሸፈነው፤ ደረቷም ሌሊት ሌሊት ሲያፏጭ ከሌላ ክፍል ይሰማ ነበር። ሲጋራ ባፏ ዞሮ የማያውቅ ሴት! የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ እንደሞተ ይገምታል። ጭስ የሚታጠን ቤት ውስጥ ያደገ ሕፃን በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ እጥፍ ሊሆን ምንም እንደማይቀረውም ይኸው ድርጅት ይናገራል።

አንተ ልጄ፣ እናትህ ገጠር ናቸው፤ ዛሬም በሦስት ጉልቻ ይጋግራሉ። ለፋሲካ ነጠላ ከምትልክላቸው ምርጥ ምድጃ ግዛላቸው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራ፣ ምጣዱን ዙሪያውን ከቦ የሚይዝ ምድጃ ነው፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ የማገዶውን ግማሽ ያህል ያተርፋል። ማገዶው ሲቀንስ ጭሱም ይቀንሳል፤ እንጨት ፍለጋ የሚጎብጠው ወገባቸውም ያርፋል። ማዕድ ቤቱ ጣሪያው ሥር ጭስ ማውጫ ይከፈትለት፤ እንጨቱ ሳይደርቅ አይማገድ፤ የልጅ ልጆቻቸውንም አዝለው አይጋግሩ። ሕፃን በጀርባ ላይ ሆኖ የሚተነፍሰው አየር እናቱ የምትተነፍሰውን ነው፤ ሳንባው ግን ገና የእናቱን አላከለም።

ወደ እናንተ ቤት ልመለስ። እናንተ በኤሌክትሪክ ምጣድ ትጋግራላችሁ፤ ተመስገን ነው። ነገር ግን ለማገዶው የነበረው ንቀት ለኤሌክትሪኩም ተላልፏል። በጉልቻ ዘመን እንጨቱ ካነሰ ሌላ መጨመር ነበር፤ አሁንም ሶኬቱ ካነሰ ሌላ ዲቫይደር መጨመር ሆኗል። አንድ የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ይህን የሚያህል ኃይል በቀጭን ዲቫይደር ገመድ ውስጥ ማሳለፍ ጎርፍን በቧንቧ እንደ መስደድ ነው። ገመዱ ይግላል፤ ላስቲኩ ይቀልጣል፤ አንድ ቀን ከግድግዳው ጀርባ እሳት ይነሳል። ምጣዱ የራሱ ወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ሶኬትና የራሱ ብሬከር ይኑረው። ሶኬቱን ስትነኩት ትኩስ ከሆነ፣ ከጠቆረ ወይም የላስቲክ ሽታ ካለው ሳይቃጠል በቅጠል ነውና በዚያው ቀን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሩ። ብሬከሩ በየጊዜው ሲወድቅባችሁ «አስቸጋሪ ነው» ብላችሁ አትራገሙት፤ እየተናገረ ነው። በሽቦ አስራችሁ ዝም አታሰኙት። የሻወር ማሞቂያውም የመሬት ሽቦ እንዳለው አስመርምሩ፤ ውሃና ኤሌክትሪክ የሚታረቁት በዚያ ሽቦ ነው።

ቡታጋዙን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ አስታውሱ፤ ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ሲያፈተልክ ወደ ላይ አይወጣም፤ እንደ ውሃ ወለሉ ላይ ይተኛል። የገዛችሁበት ሱቅ እንደሚነግራችሁ ያ የሚከረፋ ሽታ ሆን ተብሎ የተጨመረ ነው፤ ማስጠንቀቂያችሁ እሱ ነው። ሽታው ከመጣ ክብሪት አትጫሩ፣ መብራትም አታብሩ አታጥፉ፤ ማብሪያው ራሱ ብልጭታ አለው። ሲሊንደሩን ዝጉ፣ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ። የቱ ጋ እንደሚያፈተልክ ማወቅ ከፈለጋችሁ የሳሙና አረፋ ቀቡት፤ የሚነፋ ፊኛ ካያችሁ አገኛችሁት። በክብሪት የሚፈልገው ሰው ያገኘዋል፤ ለሌላ ሰው ግን ሊነግር አይተርፍም።

አሁን ማጠቢያው ሥር ወዳለው የሃይላንድ ጠርሙስ ልምጣ። ውስጡ ያለው በረኪና መሆኑን እናንተ ታውቃላችሁ። ልጃችሁ ግን የ18 ወር ልጅ ናት፤ የምታውቀው ከእንደዚህ ያለ ጠርሙስ ውሃ እንደሚጠጣ ብቻ ነው፤ እናንተው ናችሁ ያስተማራችኋት። በሥራ ዘመኔ ነጭ ጋዝ ጠጥቶ፣ በረኪና ጠጥቶ የመጣው ሕፃን ሁሉ የጠጣው ከውሃ ወይም ከለስላሳ ጠርሙስ ነው። ከቅልና ከእንስራ ዘመን የመጣነው እኛ ዕቃ አንጥልም፤ ባዶ ጠርሙስ ሀብት ይመስለናል። ምግብና መጠጥ የነበረበት ዕቃ ግን መርዝ ሊያዝበት አይገባም። በረኪናው በገዛ ዕቃው፣ ከልጅ ቁመት በላይ፣ የሚቆለፍ ቦታ ይቀመጥ። የአይጥ መርዝና ፍሊትም እንዲሁ።

ደግሞም አንቺ ሽንት ቤት ስታጸጂ በረኪናውን ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር እንደምትቀላቅዪ አውቃለሁ፤ «ይበልጥ ያነጣል» ይላሉ ጎረቤቶችሽ። አያነጣም፤ ያፍናል። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የሚባል ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል፤ በጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ ደግሞ መሸሻ የለም። አንዱን ተጠቀሚ፣ በውሃ አጥቢው፣ ሌላውን ሌላ ቀን።

ክፉ አይንካችሁና ልጃችሁ ከእነዚህ አንዱን ጠጥታ ብታገኟት ጣት ጉሮሮዋ ውስጥ ከትታችሁ አታስታውኳት። በረኪናው ሲገባ ያቃጠለውን ጉሮሮ ሲወጣ ዳግም ያቃጥለዋል፤ ነጭ ጋዙ ደግሞ ስታስመልስ ወደ ሳንባዋ ይገባል፤ የሚገድለውም ያኔ ነው። «ወተት አጠጥተናታል፣ ይለፍላት» ብላችሁም ቤት አትቀመጡ። ጠርሙሱን ጭምር ይዛችሁ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ።

ከአልጋችሁ ሥር ያለው ጆንያ ደግሞ እንቅልፌን የነሳኝ ሁለተኛው ነው። ከገጠር የመጣ ስንዴ ነው፤ ነቀዝ እንዳይበላው ምን እንዳደረጋችሁበት ስጠይቅ «ክኒን አለበት» አላችሁኝ። ልጆቼ፣ ያ ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። የአየር እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ነቀዙን የሚገድለው ክኒኑ ሳይሆን ይህ ጋዝ ነው፤ ነቀዙንና ሰውን ለይቶ ግን አያውቅም። ማርከሻም የለውም። የተሠራው ሰው ለማይተኛበት፣ ታሽጎ ለቀናት ለሚቆይ መጋዘን ነው። አባቶቻችን ጎተራውን ደጅ ያደረጉት ቦታ አጥሮአቸው አልነበረም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ ለነቀዝ በተሰደደው መርዝ ሰው እንዳይመታ ጆንያውን ዛሬውኑ ከመኝታ ቤት አውጡት። ለወደፊቱ ሦስት ድርብ የሆነውን አየር የማያስገባ የእህል ከረጢት ተጠቀሙ፤ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፤ መርዝም አያስፈልግም። ወይም ጤፍ ብቻ አከማቹ፤ ፍሬው ትንሽ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ስንዴውንና ሽምብራውን በየወሩ ግዙ።

እግረ መንገዴን፣ የሻገተ ኦቾሎኒ፣ በቆሎና በርበሬ አታስፈጩ። «ስንቆላው ይጠፋል» አትበሉ። ከሻጋታው የሚወጣው አፍላቶክሲን ቢቆላም ቢቀቀልም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ዓመታት ቆጥሮ ጉበትን ይበላል። ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር።

ለውሃው ብዙ አልናገርም፤ ጤና ኤክስቴንሽኖች ነግረዋችኋል። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በየዕቃው ትሞላላችሁ። የሚጠጣውን አፉ ጠባብ በሆነና ክዳን ባለው ጀሪካን ያዙት፤ በኩባያ እየጠለቃችሁ ሳይሆን እያጋደላችሁ ቅዱት፤ ከተጠራጠራችሁ አፍሉት ወይም የውሃ ማከሚያውን ዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ይልቅ የፈራሁት መታጠቢያ ቤት ተከፍቶ የቆመውን ሙሉ ባልዲ ነው። የ18 ወር ልጅ ጭንቅላቷ ከባድ ነው፤ ባልዲ ውስጥ ከተደፋች ራሷን ማንሳት አትችልም፤ ለመስጠም ጥቂት ውሃ ይበቃታል፤ አትጮህምም። ባልዲ ሁሉ ክዳን ይኑረው፤ መታጠቢያ ቤቱም በሩ ይዘጋ።

ስለ ትንሿ ካነሳን ረከቦቱንም ላንሳ። ቡናችን መሬት ተቀምጦ የሚፈላ ነው፤ ሳሩ፣ ፍሙ፣ የሚፈላው ጀበና ሁሉ በሕፃን እጅ ልክ ነው። በጎጆው ዘመን ሕፃን ስትድህ የሚጠብቃት አያት፣ አክስት፣ የጎረቤት ልጅ ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ ግን ማን አላችሁ? ቡና የምታፈላው ሰው ልጅ አትጠብቅ፤ ልጅ የሚጠብቀው ሰው ስኒውን ያስቀምጥ። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት። ክፉ ቀን መጥቶ ከተቃጠለች የቧንቧ ውሃ እያፈሰሳችሁባት 20 ደቂቃ ቁሙ፤ 20 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ሰዓት እያያችሁ ቁሙ። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ሐኪም ቤት ውሰዷት። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ሊጥ፣ እንቁላል ይቅሩባት። እኔ በሥራዬ ዘመን ከቃጠሎው ይልቅ ሊጡን ከቁስል ላይ ሳጥብ ልጆች ሲጮኹ ሰምቼ ያለቀስሁበት ቀን ይበዛል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ከብዶኛል፤ በመጨረሻ ያመጣሁትም ስለከበደኝ ነው። የቤት ሠራተኛችሁ የት እንደምትተኛ አየሁ። ፍራሿ ተጠቅልሎ ማዕድ ቤት፣ ቡታጋዙ ሲሊንደር አጠገብ ቆሟል። ማታ ማንደጃው ከመኝታ ቤታችሁ ሲወጣም የሚሄደው ወደዚያው ነው። ጋዝ ቢያፈተልክ መጀመሪያ የሚያገኘው ወለል ላይ የተኛውን ሰው ነው፤ ያቺ ልጅ ደግሞ የሰው ልጅ ናት፤ እናቷም እንደ አንቺ በማህፀኗ ተሸክማታለች። የቤተሰብን ጤና ጠብቁ ስላችሁ እሷንም ቆጥሬ ነው። ሳሎን ትተኛ። ይህን የምናገረው ልመክራችሁ አይደለም፤ ላዛችሁ ነው።

የቀድሞውን ሁሉ ጣሉ እያልሁ እንዳይመስላችሁ። አያቶቻችን አንሶላና ጋቢውን በየሳምንቱ ፀሐይ ላይ ያሰጡ ነበር፤ ያ ይቀጥል። ከማዕድ በፊት እጅ ማስታጠብ ነበር፤ በሳሙና ሆኖ ይቀጥል። ጠዋት በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ቤቱን ማናፈስ ነበር፤ እናንተ ጋ ግን መጋረጃው ከሳምንት ሳምንት ሳይገለጥ ግድግዳው ጥግ ሻጋታ አብቅሏል፤ ያም ይመለስ። ልማድ ሲመጣ «ይህ ለየትኛው ቤት ነበር የተበጀው?» ብላችሁ ጠይቁት። ለዚህም ቤት ከሆነ እሰየው፤ ለጎጆው ከሆነ ግን አመስግናችሁ ሸኙት። ልብ ካላየ ዓይን አያይምና በየሦስት ወሩ አንድ ቀን አንዳችሁ በልጃችሁ ቁመት ተንበርክካችሁ ቤቱን ዙሩት። ከዚያ ሆናችሁ የምታዩት ቤት ሌላ ቤት ነው።

ሁሉን በአንድ ቀን አልጠብቅም። ዛሬ ማታ ማንደጃው በረንዳ ይውጣ፣ ጆንያው ከአልጋው ሥር ይነሳ፣ በረኪናው ከሃይላንዱ ተገልብጦ ጠርሙሱ ይጣል፤ ሦስቱም አንዲት ሳንቲም አያስወጡም። በዚህ ሳምንት ባልዲዎቹ ይከደኑ፣ የሠራተኛችሁም ፍራሽ ሳሎን ይግባ። ደመወዝ ሲወጣ የምጣዱ ሽቦ ይሠራ። ፍሪጁ በር ላይ ደግሞ ሁለት ቁጥር ጻፉ፤ የአዲስ አበባ እሳት አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። መከራ ሲመጣ ስልክ ፍለጋ የሚባክን ደቂቃ እንዳይኖር ነው።

ልጄ፣ እግዚአብሔር በሰላም ይገላግልሽ። «እልል» ሲባል እነዚያን አራት ፎቆች እንደገና እያረፍሁ እወጣለሁ። የአራስ ገንፎዬን ከመቅመሴ በፊት ግን በረንዳውን አየዋለሁ። ማንደጃው እዚያ ቆሞ ካገኘሁት ምርቃቴን ገና ከበሩ እጀምራለሁ።